ደልዳዩ የሠራው ኮረብታ

በጎልፍ ክለቡ መግቢያ፣ ከጥበቃ ቤቷ ጎን፣ አንድ የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። በላዩ ላይ በወርቃማ ፊደል «ተፈጥሮ ለዚህ ሜዳማ ምድር የለገሰችው ብቸኛ ኮረብታ» ተብሎ ተጽፏል። አጎቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይቆምና ያነበዋል፤ ቃሉ ተለውጦ እንደሆነ ለማየት ይመስል። ከዚያ ምራቁን ይውጣል። የሚያሰኘው መትፋት ነበር፤ ጥበቃው የጎረቤት ልጅ ስለሆነ ግን ያፍራል።

«ተፈጥሮ!» ይላል። «ተፈጥሮ ናፍጣ ስትቀዳ አይተሃታል? የዶዘር ሰንሰለት ተበጥሶባት፣ ጭቃ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ስትጠግን አይተሃታል? እኔ ነኝ የሠራሁት! በእነዚህ እጆች!»

ጥበቃው ይስቃል። «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? የምጠብቀው በሩን ነው እንጂ ጽሑፉን አይደለም።»

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ለትልቁም ለትንሹም ደልዳዩ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ዶዘር ነድቷል። የትምህርት ቤታችንን ግቢ የደለደለው እሱ ነው፤ የገበያውን ቦታም፣ መናኸሪያውንም፣ የኳስ ሜዳውንም። እኛ ጋ ዶዘር የሚነዳ ሰው ሌላ ሥራ የለውም። ምድሩ ራሱ ጠፍጣፋ ነው፤ የቀረችውን ትንሽ ጉብታ እሱ ያነሳለታል። «እግዜር አንዴ ላጭቷታል» ይል ነበር፤ «እኔ መልሼ አለሰልሳታለሁ።»

ምን ያህል ጠፍጣፋ እንደሆነ ላላየው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ልጆች ሳለን ኳስ ካመለጠችን ሮጠን አናሳድዳትም፤ የትም አትደርስም። ፍሬን የሌለው ብስክሌት እንደ ጎደሎ አይቆጠርም ነበር። አስተማሪያችን «ዳገት» የምትለዋን ቃል ማስረዳት ቢቸግረው የጠረጴዛውን አንድ ጎን ብድግ አደረገ፤ ጠመኔው ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀና ተሰበረ። «አያችሁ? ከታች ስታዩት ዳገት፣ ከላይ ስታዩት ቁልቁለት» አለን። የዚያን ዕለት በየቤታችን ያልተነሳ ጠረጴዛ አልነበረም፤ ያልተገረፈ ልጅም እንዲሁ።

ቤቶቻችንም ከምድሩ ጋር የተማከሩ ይመስሉ ነበር። የመኝታ ቤቱ ወለልና የመንገዱ ፊት እኩል ነው። ደፉን ከፍ አድርጎ የሚሠራ ሰው ቢገኝ «ምን ሊመጣበት ነው? ባሕር?» ተብሎ ይሳቅበት ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ለእኛ ሰፈር ልጅ የመጀመሪያው ተራራ የእናት ጉልበት ነው። አያቴ በወጣትነቷ ጡብ ፋብሪካ ስትሠራ ጋሪ ተገልብጦባት ግራ እግሯ መዘርጋት እምቢ ብሎ ቀረ። ስትተኛ ሁለቱንም ጉልበቶቿን አቁማ ነበር፤ ግራው ከቀኙ ከፍ ይላል። ላዩ ላይ ቡናማ ብርድ ልብሷ ሲጣልበት ሁለት ጫፍ ያለው ኮረብታ ይሆናል። አጎቴ ልጅ ሳለ በዚያ ኮረብታ ላይ የሰርዲን ቆርቆሮ ይነዳ ነበር አሉ። እኔም በተራዬ ነድቻለሁ። አያቴ ትቆጣና ከሥር ጉልበቷን ታነቃንቃለች፤ መኪናችን ይገለበጣል፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ያ ብርድ ልብስ ምን ምን እንደሚል ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ሳሙናና ትንሽ የጡብ አቧራ።

እሷ ባረፈች በዓመቱ አንድ ኩባንያ መጣና ከሰፈራችን ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት አጠረው። የጎልፍ ሜዳ ሊሠሩ ነው ተባለ። ጎልፍ ተጫዋቾች ደግሞ ደልዳላ መሬት ይሰለቻቸዋል፤ ከሩቅ ድረስ መኪና ነድተው የሚመጡት ሽቅብ ቁልቁል ለማለት ነው። ስለዚህ ኩሬ ይቆፈር፣ ከኩሬው የወጣው አፈር ደግሞ ኮረብታ ይሁን ተባለ። ዶዘር የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ አጎቴ ተገኘ።

ነገሩን ለእናቴ ሊነግራት የመጣበትን ቀን አስታውሳለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ብርሃን ስለሚያገኝ ከጓሮው በር አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ከበሩ ባሻገር ያን ጊዜ የሚታየው ባዶ ሜዳና ሰማይ ብቻ ነበር። አጎቴ ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ተራራ ሥራ አሉኝ።»

እናቴ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «ማን ሊወጣበት?»

«ኳስ።»

«ኳስ?»

«አዎ፣ ኳስ። በዱላ እየመቱ ያወጧታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሌላ በኩል ትወርዳለች።»

እናቴ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። «አንተ፣ ዕድሜ ልክህን ስትደለድል ኖረህ አሁን በእርጅናህ ልትከምር ነው? ሰው አይስማ።»

ያን ጊዜ እርጅና አልነበረም፤ ገና ጠጉሩ ጥቁር ነበር። ግን ቃሏ ውስጡ ገባ። የመጀመሪያውን ክምር በንዴት ሠራው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተዘርፍጦ ቁጭ አለ። ከኩሬ የወጣ ለስላሳ ጭቃ ነው፣ መቆም አይወድም። ደግሞ ከመረ፤ ደግሞ ተዘረፈጠ። የኩባንያው ኃላፊ ሲጮህበት አጎቴ አፈሩን በጫማው እየነካካ «አጥንት የለውም» አለ። «አጥንት የሌለው ሥጋ ቁጭ እንጂ ብድግ አይልም።»

አጥንቱን መናኸሪያ አገኘው። እዚያ ጥግ ላይ፣ ጎማዋ ተነቅሎ፣ አንዲት አሮጌ አረንጓዴ አውቶቡስ ቆማለች። የሰፈሩ ሰው ትደርሳለች ነበር የሚላት። ተሳፋሪ «ኧረ ዘገየን!» ባለ ቁጥር ረዳቱ «ትደርሳለች!» እያለ ስለሚመልስ ስሙ ለአውቶቡሷ ቀረ። በሯ አይዘጋም፤ ረዳቱ በገመድ ያስረዋል። የሰፈሩ ሙሽሮች በእሷ ሄደዋል፤ የሰፈሩ ሕሙማን በእሷ ሆስፒታል ደርሰዋል፤ አንዳንዶቹም አልደረሱም። አጎቴ ጎትቶ አመጣት። ሌላም ብረታ ብረት ሥሯ አነጠፈ፤ አፈሩን በላይዋ መለሰ። ኮረብታው በዚህች አጥንት ቆመ።

ቅርጹን ደግሞ ማንም አላዘዘውም። ኃላፊው ሥዕል ይዞ ነበር፤ ሥዕሉ ቁመቱን እንጂ መልኩን አልወሰነም። አጎቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ወደ እናቴ ጓሮ በር ይመጣል፤ ሻዩን ይዞ ይቆማል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ጠዋት ሄዶ ያስተካክላል። አንድ ቀን እናቴ ከመኪናዋ ቀና ብላ አየችና ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ሁለት ጫፍ፣ ግራው ከቀኙ ከፍ ያለ፣ በመካከላቸው ለስላሳ ስርጉድ።

«እማዬ ናት» አለች።

አጎቴ ሻዩን ጨልጦ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። በኩባንያው ሥዕል ላይ፣ በኮረብታውና በሰፈራችን መካከል፣ ረጅም ቦይ ነበረ። ምልክቱ በእንጨት ሲተከል ሰፈሩ ተንጫጫ። እናቴ ከሁሉ ፊት ነበረች። «በደጄ ጉድጓድ? ልጅ ይገባበታል፣ ሰካራም ይገባበታል፣ እኔ ራሴ እገባበታለሁ!» አጎቴ ኃላፊውን ለመነልን፤ ኃላፊውም ሥራ ስለቀነሰለት ደስ አለው። እንጨቶቹ ተነቀሉ። ያ ቦይ ምን ሊሠራ እንደታሰበ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኛ ጋ ውሃ የወደቀበት ይተኛል፤ ፀሐይ ትወስደዋለች። ተነሥቶ የሰው ቤት ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል? ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው ዳገት ያላየ ሰው ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁላችንም አላየንም።

ብዙ ዓመት ምንም አልሆነም። በኮረብታው ግርጌ ቁጥቋጦና ረጅም ሣር ነበረ፤ የወረደውን ውሃ እየጠጣ ያስቀረዋል። አጎቴ ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱ ሞተች፤ ጉልበቱ ያመው ጀመር። ክለቡ ዙሪያውን ስላጠረ ሠርቶ ከጨረሰ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ኮረብታው ላይ አልወጣም። ሆኖም በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር «የእኔ ኮረብታ» ማለቱን አልተወም። ፀጉር አስተካካዩ «ጋሽ ደልዳይ፣ ኮረብታህን ትተህ ራስህን ቀና አድርግ፣ ጆሮህን እቆርጠዋለሁ» ይለው ነበር።

ከዚያ ክለቡን አዲስ ባለቤቶች ገዙት። ድንጋዩን ያቆሙት እነሱ ናቸው። ቁጥቋጦውን መነጠሩት፤ ረጅሙን ሣር ነቅለው እንደ ምንጣፍ የተከረከመ አነጠፉ፤ ለተጫዋቾቹ ትንንሽ መኪኖች ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ የአስፋልት መንገድ አወረዱ። መንገዱ የሚያበቃው አጥሩ ጋ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለው የእናቴ ጓሮ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የመጣው በቀትር ነው። እኔ ለእረፍት መጥቼ እዚያው ነበርኩ። እናቴ እየሰፋች ነበር፤ በድንገት እግሯን አነሳች። ውሃው በጓሮው በር ሥር ገብቶ፣ እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ፣ በመኪናዋ ሥር አልፎ ወደ መኝታ ቤት ሄደ። የደንበኞች ጨርቅ፣ የአባቴ መጻሕፍት፣ ያ ቡናማ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ቡናማ ውሃ ጠጣ። እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ ጉልበቶቿን አቅፋ ተቀመጠች። «በዚህ ዕድሜዬ ቤቴ ውስጥ ወንዝ!» አለች። መጀመሪያ ሳቀች። በሁለተኛው ዝናብ አልሳቀችም። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ግንበኛ መጥቶ የኋላውን ግድግዳ በጣቱ ሲነካው አፈሩ በእጁ ላይ ቀረ። «ከሥሩ ተበልቷል» አለ። «ክረምቱን አይወጣም፤ ሴትየዋ ቤቱን ይልቀቁ።»

እኔ የተወለድኩት፣ አባቴ የሞተው፣ አያቴ ጉልበቷን አቁማ የተኛችው በዚያ ቤት ነው። «እለቃለሁ» አለች እናቴ፤ «ሬሳዬ ሲወጣ።»

እኔ፣ አጎቴና ፀጉር አስተካካዩ ወደ ክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሄድን። ቢሮው ትልቅ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ኮረብታው ይታያል። ሰውየው ትሑት ነው፤ ቆሞ ተቀበለን፣ ወንበር ሰጠን፣ ሻይ አዘዘልን። ትሕትናው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ቢሰድበን ይሻል ነበር።

«አዝናለሁ» አለ። «ነገር ግን ከተፈጥሮ ኮረብታ የሚወርድ ውሃ ቁልቁል ይሄዳል። ተፈጥሮን እንዴት ልከልክላችሁ?»

አጎቴ ሻዩን አስቀመጠ። «የምን ተፈጥሮ? ይሄን ኮረብታ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ፤ ሰው ለሕፃን ፈገግ እንደሚለው። «አባት፣ ዕድሜ ሲገፋ ነገር ይምታታል።»

«ይምታታል? ና ልንገርህ፣ ያ ኩሬ አለ አይደል? እሱ...»

«ኩሬውም የተፈጥሮ ነው።»

አጎቴ በሕይወቱ ሰው ዋሽቶበት ያውቃል፤ ደመወዙን ያስቀሩበት፣ ቃል የበሉበት አሉ። ነገር ግን እሱ የቆፈረውን ጉድጓድ ፊት ለፊቱ እግዜር ቆፈረው ያለው ሰው አልገጠመውም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ «ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው፣ በዓይናችን አይተናል» ቢል፣ ሰውየው «የሽማግሌ ጨዋታ ደስ ይላል፣ ግን ጨዋታ ነው» አለ። እንግዲህ እኛ ያየነው ተረት ሆነ፤ እሱ በድንጋይ ያስጻፈው እውነት ሆነ።

በማግስቱ ክለቡ ለሰፈሩ እርዳታ ላከ። የክለቡ ዓርማ ያለባቸው አሮጌ ፎጣዎች፣ ውሃ እንድንጠርግባቸው! እናቴ ቆጥባ የምትኖር ሴት ስለሆነች አልመለሰቻቸውም። ወለሏን ጠረገችባቸውና ጭቃቸውን እንደያዙ በክለቡ አጥር ላይ አሰጣቻቸው፤ ዓርማው ወደ ተጫዋቾቹ ዞሮ።

ሰፈሩ የተነሣው ግን በአጎቴ ላይ ነበር። ሰው የራቀውን ሲያጣ የቀረበውን ይይዛል። ውሃ ቀጂዎች ሲያልፍ «ውሃህን ውሰድ!» ይሉታል። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ምላጩን እየሳለ «ጋሽ ደልዳይ፣ ስንት ዓመት የእኔ ኮረብታ ስትል ኖርህ፤ በል እንግዲህ አሁን ሰብስበው!» አለው። አጎቴ ፀጉሩን በግማሽ ተስተካክሎ ተነሥቶ ወጣ።

እናቴ ጋ መጥቶ ርጥቡ ወለል ላይ ቆመ። የራሱ ግማሽ ተላጭቷል፣ ግማሹ አልተላጨም።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ሰፈሩ ጠላኝ።»

«እንግዲያው ተፈጥሮ ነው በልና ተገላገል። ማንም ምንም አይልህም።»

አጎቴ ወደ ኮረብታው አየ። «ተፈጥሮ ከሆነ ቦዩን ማን ይቆፍራል?»

እናቴ የያዘችውን መወልወያ ጨመቀች። «ቦዩንማ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ሁላችን ነን።»

«እኔ ነኝ ብዬሃለሁ! አትከራከረኝ!» እሱም አልተከራከረም። ተያይተው ሳቁ፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ይህን ሁሉ ጥፋት እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲከፋፈሉት፣ ያ መስኮቱ ትልቅ የሆነው ሰውዬ ተፈጥሮን እያመሰገነ ምሳውን ይበላል!

ከማዘጋጃ ቤት መሐንዲሷ የመጣችው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። ወጣት ናት፤ ቦቲዋን በፌስታል ይዛ መጥታ ደጃፋችን ላይ ቀየረች። ግድግዳውን፣ አጥሩን፣ የአስፋልቱን መጨረሻ አየች። አጎቴን አንድም ሳታቋርጥ ሰማችው። ከዚያ «አምንዎታለሁ» አለችው። «ግን ባምንም ቦይ አልቆፍርም። ሰው የሠራው መሆኑ ከታየ ክለቡን አስገድዳለሁ፤ ካልታየ እጄ አጭር ነው። ምን ማሳየት ይችላሉ?»

«ሆዱ ውስጥ አውቶቡስ አለ።»

አብሯት የመጣው የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «አውቶቡስ! የስንት ሰዓቷ ናት?»

መሐንዲሷ አልሳቀችም። «የት ጋ?» አለች።

ቁፋሮው የተፈቀደው ለአንድ ቀን ነው። ካልተገኘ ክለቡ ጉዳዩ እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ እናቴም ቤቷን ትለቃለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ተደገፈ፤ የሰደቡትም መጡ። አጎቴ የሠራውን ኮረብታ ከጨረሰው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ጉልበቱ እያመመው፣ እየቆመ፣ እያለከለከ ነው የወጣው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ ዞሮ ተመለከተ። ፊቱ ተለዋወጠ።

ዛፍ ተተክሏል፤ አሸዋ የተሞሉ ጉድጓዶች ተሠርተዋል፤ ሣሩ ሁሉን አንድ አድርጎታል። ላዩ ላይ ቆሞ የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነው። «እዚህ ጋ» አለ፤ ድምፁ ግን አላመነበትም። መሐንዲሷ ያስመጣችው መቆፈሪያ መኪና፣ ስካቫተሩ፣ ቆፈረ። አፈር ወጣ፤ ከአፈሩ በኋላ ጭቃ፤ ከጭቃው በኋላ ሌላ ጭቃ። ወደ ጎን ተቆፈረ፤ ምንም የለም። ቀኑ ዘመም አለ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና ለመሐንዲሷ፣ ሁላችንም እንድንሰማው አድርጎ፣ «አውቶቡሷ ሳትነሣ አልቀረችም» አላት።

አጎቴ የቁፋሮው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። 

ያኔ ነው እናቴ ከአጥሩ ወዲህ የጮኸችው። «አንተ! ከዚያ ላይ ሆነህ መቼ አይተሃት ታውቃለህ? ና ውረድና ከደጄ እይ!»

ቀና አለ። ለአፍታ ያየሁት፣ አያቴ ጉልበቷን አነቃንቃ መኪናውን የገለበጠችበትን ልጅ ፊት ነበር። ተነሣና ቁልቁለቱን በመቀመጫው ጭምር እየተንሸራተተ ወረደ። አጥሩ በር ስለሌለው በክለቡ መግቢያ ዞሮ፣ በዚያ ድንጋይ አጠገብ አልፎ፣ መንገዱን ሁሉ እግሩን እየጎተተ መጣ። በእናቴ ቤት በፊት በር ገብቶ በጓሮው በር ብቅ አለ። የቆመበት ቦታ ድሮ ሻይ ይዞ የሚቆምበት ነው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ግራው ጉልበት!» ብሎ ጮኸ። «ከግራው ጉልበት ሥር፣ ወደ ስርጉዱ!»

የስካቫተሩ ሹፌር ከማዶ «ምን?» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ አጥሩ ላይ ወጥቶ አስተላለፈ። «ጉልበት ይላል!»

«የማን ጉልበት?»

«የእናቱ!»

«ሰውዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አትሳደብ!»

«ስድብ አይደለም፣ አንተ! ወደ ግራ ሂድ፣ ወደ ግራ! የእኔ ግራ፣ የአንተ ቀኝ! ኧረ ቁም፣ አለፍከው! ተመለስ!»

እንዲህ ነበር የተመራው፤ አንድ ሽማግሌ ከልብስ ሰፊ ደጃፍ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ ከአጥር ላይ። ስካቫተሩ ጥርሱን አስገባ። አነሣ። እንደገና አስገባ። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ ብረት ብረትን ሲነካ የሚሰማው ያ ረጅም ጩኸት። አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ሹፌሩ በቀስታ አፈሩን ገፈፈው። አረንጓዴ ቀለም ታየ፤ ከዚያ የጣሪያ መጫኛ፤ ከዚያ የመስኮት ማዕዘን። በበሩ እጀታ ላይ የበሰበሰ ገመድ ታስሮ ነበር።

«ትደርሳለች!» አለች አንዲት ሴትዮ።

«ትደርሳለች!» ሰፈሩ በሙሉ ተቀበላት። ውሃ ቀጂዎቹ እየዘለሉ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከአጥሩ ላይ ሳይወርድ እንባውን በክለቡ ፎጣ ይጠርግ ነበር። «እናቴን ሆስፒታል የወሰድኳት በእሷ ነው» አለኝ። «ዘግይታ ነበር፤ ግን ደረሰች።» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሮ ጮኸ። «ጋሽ ደልዳይ! ነገ ና፣ የቀረውን ግማሽ እላጭሃለሁ!»

ሥራ አስኪያጁ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ። እንደ እሱ ያለ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት እንኳ ቃል አያጣም። «ይህ በተፈጥሮው ላይ በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል» አለ።

መሐንዲሷ በቦቲዋ ጫፍ የአውቶቡሷን ጣሪያ መታ መታ አደረገች። «አውቶቡሷ ከሥር ናት፣ ኮረብታው ከላይ ነው» አለች። «በኋላ የተጨመረው የቱ ነው?»

ቦዩ ክረምቱ ሳይበረታ ተቆፈረ፤ የእናቴም ግድግዳ ከሥሩ በድንጋይ ታሰረ። ክለቡ ይቅርታ አልጠየቀም። አውቶቡሷን መልሰው አለበሷት፤ ሣሩን መልሰው አነጠፉ፤ ከወር በኋላ ተጫዋቾቹ በአያቴ ጉልበት ላይ ኳሳቸውን እያንከባለሉ ነበር። ድንጋዩም እንደቆመ ነው። ፊደሉ ውድ ስለሆነ አይነሣም ተብሏል። ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች ፊት ለፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ዕድሜውን የሰጠ ሰው በሕይወት እያለ፣ በአጠገቡ እያለፈ፣ ሥራውን ለነፋስና ለዝናብ ይሰጡበታል። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ሰዎች የራሳቸው ቤት በማን እጅ እንደተሠራም አያውቁም።

አንድ ቀን ጥበቃው በግራ በቀኝ አየና «ጋሼ፣ ከፈለጉ ማታ በሚስማር እፍቀዋለሁ» አለው።

አጎቴ ጽሑፉን እንደ ወትሮው እስከ መጨረሻው አነበበ። «ተወው» አለ። «ተፈጥሮ የቱ ነው ብሎ የጠየቀህ እንግዳ ካለ ግን እኔን አሳየው። ሻይ ይጋብዘኛል።»

ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ዝናብ ከባድ ነበር። እናቴ ሰማዩ ሲጠቁር ጨርቆቿን ወደ ቁም ሣጥን አናት አወጣች፤ የስፌት መኪናዋን ሞተር ፈታች፤ አልጋዋ ላይ ወጥታ፣ ታጥቦ ቀለሙ የለቀቀውን ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ጉልበቶቿን አቁማ ተቀመጠች። አጎቴ ሻዩን ይዞ የጓሮው በር ላይ ቆመ። ዝናቡ ኮረብታውን ሸፍኖት ነበር። ከአስፋልቱ ላይ የሚወርደው ውሃ ድምፅ ይሰማን ነበር፤ ቀረበ፤ አጥሩ ጋ ደረሰ።

«መጣ?» አለች እናቴ።

አጎቴ አንገቱን አውጥቶ አየ። ከዚያ ድምፁ ዞረና ወደ ጎን ተጓዘ።

«ኧረ ንገረኝ እንጂ! መጣ?»

«ሄደ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቦዩ። ቁልቁል።»

እናቴ አዳመጠች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ አንድ እግሯን አወረደች፤ ጣቶቿን ወለሉ ላይ ነካ አድርጋ ፈተሸች። ደረቅ ነበር። ሁለተኛውንም አወረደች።